ከባንክራፕሲ በኋላ ብድር፦ ጥያቄው ይገኛል ወይ ሳይሆን በስንት ይገኛል ነው

በአሜሪካ የኪሳራ (ባንክራፕሲ) ፍርድ ቤቶች የሚቀርበው ማመልከቻ ቁጥር እንደገና ወደ ላይ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ400 ሺህ በታች የነበረው ዓመታዊ ቁጥር በ2024 ከ500 ሺህ አልፏል። ከቤት ብድር ቀውሱ ማግስት፣ በ2010፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ላስታወሰ ሰው አሁን ያለው ገና ዝቅተኛ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የተሰጠው ድጎማ አልቋል፣ የተማሪ ብድር ክፍያ በ2023 መገባደጃ ተመልሷል፣ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በዳላስ ኡበር የሚነዳ፣ ትራክ የገዛ ወይም ሬስቶራንት የከፈተ ኢትዮጵያዊም ከዚህ ጫና ውጪ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚዘዋወሩት ወሬዎች ሁለት ጽንፍ ይዘዋል። አንደኛው ባንክራፕሲ ያወጀ ሰው ለ10 ዓመት ቤትም መኪናም አያገኝም ይላል። ሁለተኛው፣ ብዙውን ጊዜ በቲክቶክ ማስታወቂያ የሚመጣው፣ መዝገቡን አጥፍተን በጥቂት ወር ውስጥ የክሬዲት ነጥብህን ከ700 በላይ እናስገባልሃለን ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ለመጀመሪያው ፍርሃት አንዱ ምክንያት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ግንዛቤ ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) የኪሳራ ድንጋጌዎቹ በዋናነት ነጋዴዎችንና የንግድ ድርጅቶችን ይመለከታሉ፤ ደመወዝተኛ የካርድ ዕዳ በዝቶበት ፍርድ ቤት ሄዶ የሚሰረዝለት ሥርዓት በእኛ ዘንድ አልተለመደም። ስለዚህ መክሰር ማለት ሱቅ መዝጋትና ስም መጥፋት ሆኖ ይታያል። በአሜሪካ ግን ለማንኛውም ግለሰብ ክፍት የሆነ፣ ደንብና ዋጋ ያለው ሕጋዊ አሠራር ነው።

ሕጉ የሚሰርዘውና የማይሰርዘው

ግለሰቦች በብዛት የሚጠቀሙት ሁለት የሕጉን ክፍሎች ነው። በቻፕተር 7 ባለዕዳው ንብረቱን፣ ገቢውንና ዕዳውን በሙሉ ዘርዝሮ ያቀርባል። ትረስቲ የሚባለው ባለአደራ ሕጉ ለባለዕዳው ከሚተውለት በላይ የሆነ ንብረት ካገኘ ሸጦ ለአበዳሪዎች ያከፋፍላል፤ በአብዛኞቹ ጉዳዮች የሚሸጥ ነገር አይገኝም። ማመልከቻው ከገባ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ዲስቻርጅ ይሰጣል፤ ያም ባለዕዳውን ከተዘረዘሩት ዕዳዎች የግል ተጠያቂነት ነፃ የሚያወጣ ትእዛዝ ነው። ገቢው ከክፍለ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ በላይ የሆነ ሰው በ2005 ማሻሻያ የገባውን ሚንስ ቴስት የተባለ የገቢ መመዘኛ ማለፍ አለበት። ያላለፈ፣ ወይም ውዝፍ ያለበትን ቤቱን ማዳን የሚፈልግ፣ ወደ ቻፕተር 13 ይሄዳል፤ እዚያ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ ከገቢው እየቆረጠ ይከፍላል።

የልጅ ቀለብ፣ የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብርና በማጭበርበር የመጣ ዕዳ አይሰረዙም። የተማሪ ብድርም በመርህ ደረጃ አይሰረዝም፤ ከባድ ችግር መኖሩን ለብቻው ማስረዳት ይጠይቃል። የፍትሕ ሚኒስቴር በኅዳር 2022 ባወጣው መመሪያ ግን የፌዴራል ብድር ላለባቸው ይህ መንገድ ከበፊቱ ቀለል ብሏል።

ብዙ ሰው የሚስተው የመኪናውን ነገር ነው። ዲስቻርጅ የግል ተጠያቂነትን ያነሳል እንጂ አበዳሪው በመኪናው ላይ ያለውን የመያዣ መብት አያነሳም። መኪናውን ማቆየት የፈለገ ወይ መክፈሉን ይቀጥላል፣ ወይ ሪአፈርሜሽን የሚባለውን፣ ዕዳውን እንደ አዲስ የሚቀበልበትን ውል ይፈርማል። ውሉን ሳይፈርም የሚከፍል ሰው መኪናው ቢበላሽ ወይም ሥራ ቢያጣ መልሶ ሰጥቶ ከዕዳው ይገላገላል፤ በሌላ በኩል አበዳሪዎች ብዙውን ጊዜ እነዚህን ክፍያዎች የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች አያሳውቁም። ሦስት ዓመት ሳያዛንፍ የከፈለ ሰው በመዝገቡ ላይ ምንም ፍሬ ሳያይ የሚቀርበት አጋጣሚ ከዚህ የመጣ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው ላይ ጠበቆችም አይስማሙም፤ በእኔ ግምት መኪናው የዋጋውን ሁለት እጥፍ ዕዳ ከተሸከመ ለክሬዲት ተብሎ መፈረም ብልህነት አይደለም።

ዋስ የሆነውስ? በቻፕተር 7 የሚድነው ማመልከቻ ያስገባው ሰው ብቻ ነው፤ ኮሳይን ያደረገለት የአክስቱ ልጅ በማግስቱ ስልክ ይደወልለታል። ቻፕተር 13 ለፍጆታ በተወሰዱ ዕዳዎች ላይ ለዋሱም ዕቅዱ እስካለ ድረስ ከለላ ይሰጣል። አንዱ ለሌላው መፈረም የወዳጅነት መለኪያ በሆነበት ማኅበረሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እቁቡ፣ ዘመዱና አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም

ክሬዲት እንዴት ይመለሳል የሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከማመልከቻው በፊት ነው። ፋይሉ ውድቅ የተደረገበት ወይም ዲስቻርጅ የተከለከለ ሰው መጥፎውን መዝገብ ይዞ ከነዕዳው ይቀራል፤ ከዚህ የከፋ ውጤት የለም። የእኛ ሰው ወደዚህ የሚገባባቸው በሮች ደግሞ የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው ከባንክ በፊት ዘመድን መክፈል ነው። በእኛ ሥነ ምግባር የሰው ገንዘብ ከባንክ ገንዘብ ይቀድማል፤ ስለዚህ ባንክራፕሲ ሊያስገባ የወሰነ ሰው ያለችውን አሟጦ ለአጎቱ ይመልሳል። ሕጉ ይህን አንዱን አበዳሪ ከሌሎቹ ማስቀደም ብሎ ያየዋል። ትረስቲው ለተራ አበዳሪ ከማመልከቻው በፊት በነበሩት 90 ቀናት፣ ለዘመድ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ የተከፈለውን ተከትሎ ሊያስመልስ ይችላል። ለክብር ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ አጎትን በፍርድ ቤት ደብዳቤ የሚያስደነግጥ ይሆናል። መፍትሔው ግን ሕጉ ውስጥ አለ፦ ዲስቻርጅ ከተሰጠ በኋላ ማንም ሰው የተሰረዘ ዕዳውን በገዛ ፈቃዱ መክፈል ይችላል። የአጎትን ገንዘብ መመለስ የሚፈልግ ጊዜውን ማስተካከል ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

እቁብም እንዲሁ። ዕጣው ወጥቶለት ገንዘቡን የወሰደ ሰው ቀሪው መዋጮ ዕዳው ነው፤ ዕጣ ያልደረሰው ደግሞ እስካሁን የከፈለው ንብረቱ ነው። ሁለቱም በቅጹ ላይ መስፈር አለባቸው። እቁቡ ወረቀት የለውም የሚለው ክርክር አያድንም፤ በየወሩ ለአንድ ሰው ዜል በተባለው የገንዘብ መላኪያ የሚላክ ተመሳሳይ መጠን በባንክ መግለጫ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ትረስቲውም ይጠይቃል።

ሦስተኛው አገር ቤት ያለ ንብረት ነው። የኪሳራ ሕጉ የባለዕዳው ንብረት የትም ቦታ ይሁን፣ በማንም እጅ ይሁን፣ የጉዳዩ አካል እንደሆነ ይደነግጋል። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም ሜሪላንድ እንዳለ ቤት መታወቅ አለበት። ከማመልከቻው በፊት በወንድም ስም ማዛወርም መፍትሔ አይሆንም፤ የፌዴራሉ ሕግ ሁለት ዓመት፣ የብዙ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ከዚያም በላይ ወደ ኋላ ሄዶ እንዲህ ያለውን ዝውውር እንዲሻር ያስችላል። ንብረት መደበቅ እስከ አምስት ዓመት እስር የሚያደርስ የፌዴራል ወንጀል ነው። ባንክራፕሲ ማስገባት በራሱ ዜግነት አያስከለክልም፤ በማጭበርበር መፈረድ ግን ዜጋ ላልሆነ ሰው ሌላ መዘዝ አለው።

አንድ ላይ የተደባለቁት የጊዜ ገደቦች

7 ዓመት፣ 10 ዓመት፣ 2 ዓመት፣ 8 ዓመት የሚሉት ቁጥሮች ሁሉ እውነት ናቸው። ችግሩ የተለያዩ ነገሮችን መለካታቸው ነው።

የ10 ዓመቱ ገደብ የመዝገብ ነው። በ1970 የወጣው የክሬዲት መረጃ ሕግ ባንክራፕሲ ከገባበት ቀን አንስቶ እስከ 10 ዓመት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ቻፕተር 7 ሙሉውን ጊዜ ይቆያል፤ የተሟላ ቻፕተር 13ን ግን ሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ በራሳቸው አሠራር በ7 ዓመት ያወጡታል። መዝገቡ አለ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ ክብደቱ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

የቤት ብድር መጠበቂያ ጊዜ ሌላ ነው፣ የሚወሰነውም በብድሩ ዓይነት ነው። የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ዋስትና ያለበት የኤፍኤችኤ ብድር ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ በኋላ 2 ዓመት ይጠይቃል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት በሰነድ ከተረጋገጠ ወደ 1 ዓመት ሊያጥር ይችላል። በቻፕተር 13 ውስጥ ያለ ሰው 12 ወር በሰዓቱ ከከፈለና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት ዕቅዱ ሳያልቅ እንኳ ማመልከት ይችላል። ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው የቪኤ ብድር በአብዛኛው 2 ዓመት ይጠይቃል። ፋኒ ሜይ የተባለው ተቋም ከአበዳሪዎች የሚገዛቸው ኮንቬንሽናል የሚባሉት መደበኛ ብድሮች ከቻፕተር 7 በኋላ 4 ዓመት፣ ከተጠናቀቀ ቻፕተር 13 በኋላ 2 ዓመት ያስጠብቃሉ። ቻፕተር 13 ሳይጠናቀቅ ከተዘጋ ግን ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ 4 ዓመት ነው። ቤቱን በፎርክሎዠር፣ ማለትም አበዳሪው በዕዳ ወስዶበት፣ ያጣ ሰው ደግሞ ለዚያ የተለየ ቆጠራ አለበት፤ ለኤፍኤችኤ 3፣ ለኮንቬንሽናል 7 ዓመት።

እዚህ ላይ ከባንክራፕሲ ጋር የማይገናኝ አዲስ እንቅፋት አለ። ከግንቦት 2025 መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ያልሆኑ የውጭ ዜጎች በኤፍኤችኤ ብድር መጠቀም አይችሉም። በሥራ ፈቃድ ብቻ ያለ ሰው ሁለቱን ዓመት ቢጠብቅም ይህ በር አይከፈትለትም። ብድር ሲከለከል ምክንያቱን ባንክራፕሲው ላይ ከማላከክ በፊት የመኖሪያ ሁኔታን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የ8 ዓመቱ ገደብ ደግሞ አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ በቻፕተር 7 ዲስቻርጅ ለማግኘት በሁለቱ ማመልከቻዎች መካከል ማለፍ ያለበት ጊዜ ነው። ይህ ቁጥር ለባለዕዳው ብቻ ሳይሆን ለአበዳሪዎችም ትርጉም እንዳለው ወደ በኋላ እናያለን።

ነጥቡ በምን ይነሳል

አበዳሪዎች ተበዳሪን የሚመዝኑበት፣ በብዛት የሚሠራበት የፋይኮ የክሬዲት ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። 35 በመቶው በሰዓቱ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ካለው የብድር ጣሪያ ምን ያህሉ ጥቅም ላይ እንደዋለ፣ 15 በመቶው ከመዝገቡ ዕድሜ፣ ቀሪው እኩል እኩል ከአዲስ ብድርና ከብድር ዓይነቶች ስብጥር ይመጣል። ባንክራፕሲ የሚጎዳው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ግን ባልተጠበቀ መንገድ ያሻሽላል፤ ጣሪያቸው የሞላ ካርዶች ወደ ዜሮ ይወርዳሉ።

በአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ በፌዴራል ሪዘርቭ፣ ሥር ያሉ ባንኮች ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል። ነጥቡ በብዛት የሚወድቀው ከማመልከቻው በፊት፣ ክፍያዎች ሲያልፉ ነው፤ ከማመልከቻው በኋላ ቀስ እያለ መነሳት ይጀምራል። ባንክራፕሲ የሚገባቸው ሆነው ሳያስገቡ የሚቆዩ ሰዎች ለዓመታት በዝቅተኛ ነጥብ ሊቀሩ ይችላሉ። የዚህ አመለካከት ተቺዎች ግን ነጥብና የብድር አቅም አንድ እንዳልሆኑ ያሳስባሉ፤ ነጥቡ ቢመለስም የሚሰጠው የካርድ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ ይቆያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በ640 ነጥብ ላይ ያለ፣ ሁለት ወር የዘገየ ሰው ባንክራፕሲ ገብቶ የሚያጣው ብዙ ነው። አንድ ዓመት ያልከፈለ፣ ደመወዙ ሊቆረጥ የደረሰ ሰው ግን የሚያጣው ነጥብ ብዙም የለውም።

ሥራው የሚጀምረው ሪፖርቱን ከመመርመር ነው። ሦስቱ ቢሮዎች አኒዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣሉ። የተሰረዘ ዕዳ ቀሪ ሂሳቡ ዜሮ ሆኖ፣ በባንክራፕሲ መካተቱ ተጠቅሶ መታየት አለበት። አሁንም እንደሚፈለግ ወይም ለሰብሳቢ ድርጅት እንደተላለፈ ሆኖ ከተጻፈ ስህተት ነው፤ ክርክር ሲቀርብ ቢሮው በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። ከዲስቻርጁ ሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ አንድ ከሰዓት ወስዶ ይህን ማስተካከል ለወራት ከሚደረግ ሌላ ጥረት ይበልጣል።

ከዚያ አዲስ መዝገብ መገንባት ይመጣል። ሴኪዩርድ ካርድ የሚባለው 200 ወይም 300 ዶላር በማስያዝ የሚሰጥ ካርድ ነው፤ የተያዘው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የካርዱ ጣሪያ ይሆናል። ጥቅሙ ዕዳ በመሸከም ላይ አይደለም። ወለድ ሳይከፈል፣ በየወሩ ቤንዚን ብቻ ተሞልቶበት ሙሉ በሙሉ ቢከፈል ነጥቡ እኩል ይሠራል። ነጥብ ለማሳደግ ትንሽ ዕዳ ማሳደር ያስፈልጋል የሚለው ምክር መሠረት የለውም። ብዙ ክሬዲት ዩኒየኖች (በአባላት የተያዙ የቁጠባና ብድር ተቋማት) የሚሰጡት ክሬዲት ቢልደር ብድርም አለ፤ ገንዘቡ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ተበዳሪው በየወሩ ይከፍላል፣ ሲጨርስ ይወስደዋል። ዕጣው መጨረሻ ላይ የሚወጣ እቁብ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ክፍያው ለክሬዲት ቢሮ መነገሩ ነው።

ብድሩ ይመጣል፤ ዋጋውስ?

ዲስቻርጅ ያገኘ ሰው ሳምንታት ሳይቆይ የመኪናና የካርድ ብድር ማስታወቂያ በፖስታ ይደርሰዋል። ብዙዎች ይገረማሉ። ከአበዳሪው ወገን ሲታይ ግን ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ይህ ሰው አሁን ሌላ ዕዳ የለበትም፣ በቻፕተር 7 ዳግም ለመገላገልም 8 ዓመት ይጠብቃል። አደገኛ ተበዳሪ ነው ተብሎ ከፍተኛ ወለድ ሊጠየቅ ይችላል፣ ግን ቶሎ ሊያመልጥ አይችልም።

20,000 ዶላር ለመኪና በ60 ወር ውል እንውሰድ። በ7 በመቶ ወለድ ወርኃዊ ክፍያው 396 ዶላር ገደማ ነው፤ በ18 በመቶ 508 ይሆናል። በአምስት ዓመት ልዩነቱ ወደ 6,700 ዶላር ይጠጋል። በመኪናው ለሚሠራ ሹፌር ይህ ቀን ከሌት የተነዳበት ገንዘብ ነው። ኡበርና ሊፍት የመኪና ዕድሜ ስለሚገድቡ አሮጌ ገዝቶ መቆየትም ሁልጊዜ አማራጭ አይሆንለትም።

የመኪና ሻጩ የሚያቀርበው ብድር ብቸኛው አለመሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከክሬዲት ዩኒየን አስቀድሞ ፈቃድ ይዞ መሄድ፣ ያም ባይሳካ የዛሬውን ወለድ ተቀብሎ ከ12 ወር ንጹሕ ክፍያ በኋላ ሪፋይናንስ ማድረግ፣ ማለትም በዝቅተኛ ወለድ ብድር መተካት፣ የተለመደ ነው። ከመፈረም በፊት ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንደሌለው ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል። በየሱቁ ማመልከት ነጥብ ይቀንሳል የሚባለውም የተጋነነ ነው፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለመኪና ብድር የሚደረጉ ጥያቄዎችን ፋይኮ እንደ አንድ ይቆጥራል።

መዝገብ እናጠፋለን የሚሉትን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው። በ1996 የወጣው የክሬዲት ጥገና ድርጅቶች ሕግ ሥራው ሳይሠራ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል፣ ደንበኛው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን እንዲሰርዝ መብት ይሰጣል። ትክክለኛ መረጃ ጊዜው ሳይደርስ ማስወጣት ማንም አይችልም፤ የተሳሳተውን ማረም ደግሞ በነፃ ይቻላል። ከሁሉ የሚከፋው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ፋንታ ሲፒኤን የሚባል አዲስ ቁጥር እንሰጣለን የሚለው ነው። በዚያ ቁጥር ብድር መጠየቅ ወንጀል ነው፤ ከሳሹም ሻጩን ብቻ አይፈልግም።

ንግድና ኪራይ

ትንሽ ንግድ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው በድርጅት ስም ቢመዘገብም ባንኩ የግል ዋስትና ስለሚጠይቅ የግል መዝገቡ ተመልሶ ይመጣል። ለማኅበረሰብ ልማት የተቋቋሙ አነስተኛ አበዳሪዎች ግን ከነጥቡ ባሻገር የገቢ ፍሰትንና የሥራ ዕቅድን ያያሉ። አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ በተባለው ክንፉ ለስደተኞችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች እንዲህ ያለ ብድር ይሰጣል። ባንክራፕሲው ምን እንዳስከተለው፣ ሕመም ይሁን፣ ፍቺ ይሁን፣ የከሰረ ንግድ ይሁን፣ በአንድ ገጽ ከሰነድ ጋር ማስረዳት በእነዚህ ዘንድ ዋጋ አለው።

የመመዘኛው መንገድ ራሱም እየተለወጠ ነው። ፋኒ ሜይ ከ2021 ጀምሮ የተበዳሪውን የባንክ መግለጫ አይቶ በየወሩ የተከፈለ ኪራይን ለብድር ውሳኔ ግብዓት ማድረግ ጀምሯል። በ2025 ደግሞ የቤት ብድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከፋይኮ ሌላ ቫንቴጅስኮር የተባለ መለኪያም እንዲሠራበት ፈቅዷል፤ ይህም የኪራይ መረጃ ካገኘ ይቆጥረዋል። ያገር ሰው ቤት ቤዝመንት ተከራይቶ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ግን በሁለቱም አይታይም። ኪራዩ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ቢያልፍ 12 ወር ውስጥ ማስረጃ ይሆነዋል። አከራዩ ግን ገቢውን ለግብር ማሳወቅ ስለሚኖርበት በዚህ ላይስማማ ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከመግባት በፊት፣ ኪራዩ ሲዋዋሉ መነሳት ያለበት ነው።